የአካባቢ ልግስናና የዘር ስብጥር፦ ገንዘቡን የሚመድበው ማን ነው?

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት በአሜሪካ ኃይል የተቀላቀለበት ወንጀል መጠን በግማሽ ያህል ወርዷል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ፖሊሱ ስለ ፖሊስ ብዛት፣ ፖለቲከኛው ስለ ጠንካራ ሕግ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያው ስለ ሥራ ዕድል ያወራል። በ2017 ግን የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ፓትሪክ ሻርኪና ሁለት ባልደረቦቹ እምብዛም ያልተነገረለት ምክንያት ይዘው ቀረቡ። የ264 ከተሞችን ከ20 ዓመት በላይ የሚሸፍን መረጃ መርምረው ያገኙት ይህ ነው፦ ለ100,000 ነዋሪ 10 ተጨማሪ ለትርፍ ያልቆሙ የአካባቢ ድርጅቶች ሲኖሩ፣ የግድያ መጠን በ9 በመቶ፣ ኃይል የተቀላቀለበት ወንጀል በ6 በመቶ፣ የንብረት ወንጀል በ4 በመቶ ቀንሷል። ድርጅቶቹ ወጣቶችን የሚሰበስቡ፣ ሱሰኞችን የሚረዱ፣ ሥራ የሚያስለምዱ፣ ባዶ ቦታ የሚያጸዱ፣ ጠብ ከመካረሩ በፊት የሚያበርዱ ናቸው።

ከዚህ ተነስቶ «ሰፈሩ ያዋጣ፣ ችግሩ ይፈታል» ማለት ቀላል ነው። «ስብጥር ጥንካሬ ነው» የሚለው መፈክር ሲታከልበት ደግሞ ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስላል። ጥናቶቹ ግን እንዲህ ያለ የተመቻቸ መልስ አይሰጡም። ገንዘብ መዋጣቱም ሆነ ነዋሪው ከልዩ ልዩ ዘር የተውጣጣ መሆኑ ለብቻው የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ ጉዳት የሚያስከትልበት ጊዜም አለ። ውጤት የሚታየው ችግሩን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ገንዘቡ በሚመደብበት ስብሰባ ላይ ወንበርም ድምፅም ሲኖራቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ያጠነጥናል።

መጀመሪያ መጠኑን በልኩ እንየው። በ2023 በአሜሪካ የተለገሰው ገንዘብ በጠቅላላው 557 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የመጣው ከግለሰቦች ኪስ ነው። ብዙ ይመስላል። የፌዴራሉ መንግሥት በዚያው ዓመት ያወጣው ግን ከ6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ልግስና የመንግሥትን በጀት ይተካል ብሎ ማሰብ ሒሳቡን አለማየት ነው። የአካባቢ ገንዘብ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ቀድሞ ይደርሳል፣ በትንሹ ይጀመራል፣ መንግሥት መመሪያ አርቅቆ ጨረታ እስኪያወጣ አይጠብቅም፣ የከሸፈውንም ሥራ ያለ ብዙ ጣጣ ማቆም ይቻላል።

የዚህ አሠራር መነሻ የኦሃዮዋ ክሊቭላንድ ናት። ፍሬድሪክ ጎፍ የተባሉ የባንክ ሰው በ1914 የመጀመሪያውን የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ያቋቋሙት ያሳሰባቸው ነገር ስለነበረ ነው። ሀብታሞች ሲሞቱ በኑዛዜ የተዉት ገንዘብ፣ ጊዜው ላለፈበት ዓላማ ተቆልፎ ይቀር ነበር። ሟቹ ያሰበው ችግር ከጠፋ በኋላም ገንዘቡን ለሌላ ማዋል አይቻልም። ጎፍ ብዙ ኑዛዜዎችን ወደ አንድ ቋት አስገብተው፣ ክፍፍሉን በየጊዜው ለሚሰየም የከተማው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰጡ። ዛሬ በአሜሪካ ከ900 በላይ እንዲህ ያሉ ፋውንዴሽኖች አሉ። የዚያ ዘመን ኮሚቴ የከተማው ታላላቅ ሰዎች ስብስብ ነበር፤ ዛሬ የሚነሳው ጥያቄ የኮሚቴው አባላት እነማን ይሁኑ የሚለው ነው።

ሰፈሩን የሚያውቁና የሚታመኑ ሰዎች በሥራው መግባታቸው ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያመለክት አንድ ጥናት በ2018 ታትሟል። በሎስ አንጀለስ አካባቢ በ52 የጥቁሮች ፀጉር ቤቶች ውስጥ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር ወንዶች ተመለመሉ። በግማሾቹ ፀጉር ቤቶች ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን «ሐኪም ጋ ሂድ፣ አመጋገብህን አስተካክል» እያለ ይመክራል። በሌሎቹ ደግሞ ፋርማሲስት ራሱ ፀጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ፣ ከደንበኛው ሐኪም ጋር በተደረገ ስምምነት መሠረት እዚያው ይለካል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ይከታተላል። ከስድስት ወር በኋላ የላይኛው የግፊት ቁጥር ምክር ብቻ ባገኙት ዘንድ በአማካይ በ9 ነጥብ ሲወርድ፣ ፋርማሲስቱ በሄደላቸው ዘንድ በ27 ወረደ። ከ130/80 በታች የደረሱት ከመጀመሪያዎቹ 12 በመቶ ገደማ፣ ከሁለተኛዎቹ 64 በመቶ ገደማ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሰዎቹ የሚያምኑት ፀጉር አስተካካይ በሁለቱም በኩል እንደነበረ ነው። እምነትና ምክር ብቻ በነበሩበት 9 ነጥብ ወረደ፤ እምነትና የተከፈለበት አገልግሎት አንድ ላይ ሲሆኑ 27። የዚህ ጥናት ወጪ በአብዛኛው የተሸፈነው በፌዴራል የምርምር ገንዘብ ነው። ምርምሩ ሲያልቅ ግን የፋርማሲስቱን ሰዓትና የመኪናውን ነዳጅ የሚከፍል በጀት በየትኛውም መሥሪያ ቤት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ የአካባቢ ገንዘብ መግባት ያለበት እንዲህ ያለ ክፍተት ላይ ነው። በኦክላንድ ከተማ የተደረገና በ2019 የታተመ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል፦ ጥቁር ወንዶች ጥቁር ሐኪም ሲደርሳቸው የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራን የመሰሉ የቅድመ መከላከል አገልግሎቶችን የመቀበላቸው ዕድል በግልጽ ጨምሯል። ከሐኪሙ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት ግን በሁለቱ ወገን ፍላጎት ላይ ልዩነት አልነበረም። ለውጡ የመጣው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው።

አሁን ወደ ማይመቸው ወገን እንሂድ። የሃርቫርዱ ሮበርት ፑትናም በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በ41 የአሜሪካ አካባቢዎች 30,000 ያህል ሰዎችን ጠይቀው፣ ብዙ ዘር በተቀላቀለበት ሰፈር ሰው ጎረቤቱን የሚያምነው ባነሰ መጠን መሆኑን አገኙ። የሚገርመው ሌላውን ዘር ብቻ ሳይሆን የራሱንም ዘር ሰው እምብዛም አያምንም፤ በጎ ፈቃድ ሥራና መዋጮም ይቀንሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 የኢኮኖሚ ምሁራኑ አሌሲና፣ ባኪርና ኢስተርሊ፣ ብዙ ዘር በሚኖርባቸው የአሜሪካ ከተሞች ከበጀቱ ለትምህርት፣ ለመንገድ፣ ለፍሳሽና ለቆሻሻ የሚውለው ድርሻ አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚህን ውጤቶች በመፈክር ማለፍ አይቻልም።

ነገር ግን የፑትናም መረጃ በ2015 በሶሲዮሎጂ ምሁራኑ በአባስካልና በባልዳሳሪ እንደገና ሲመረመር ሌላ ሥዕል ወጣ። ጥቁሮችና ላቲኖዎች (ዝርያቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) በየትም ቢኖሩ በሰው ላይ ያላቸው እምነት ከነጮች ያነሰ ነው፤ ለምን እንደሆነ ታሪካቸውን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። በተቀላቀለ ሰፈር በብዛት የሚኖሩትም እነሱ ስለሆኑ የሰፈሩ አማካይ ቁጥር ይወርዳል። ድህነትና የቤት ባለቤት አለመሆንም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ማለትም እምነቱን የሸረሸረው የሰዎች መቀላቀል ነው ተብሎ ሲነገር የቆየው ድምዳሜ በአብዛኛው በሰፈሩ የሚኖረው ማን እንደሆነና የኑሮ ሁኔታው ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

ወሳኙን ፍንጭ የሚሰጠው ግን ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ ሥራ ነው። የኢኮኖሚ ምሁሩ ኤድዋርድ ሚጌል በ2004 በሁለቱ አገሮች ድንበር ወዲህና ወዲያ የሚገኙትን ሁለት ወረዳዎች፣ የኬንያዋን ቡሲያንና የታንዛኒያዋን ሜአቱን አነጻጸረ። በኬንያው በኩል ብሔረሰቡ በበዛበት አካባቢ ለትምህርት ቤት የሚዋጣው ገንዘብ ቀነሰ፤ በታንዛኒያው በኩል ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየም። ታንዛኒያ ለአሥርት ዓመታት ስዋሂሊን የሁሉ ቋንቋ በማድረግ፣ በሥርዓተ ትምህርትና በአካባቢ አስተዳደር አንድ የጋራ ማንነት ስትገነባ ቆይታ ነበር። በ2005 ከሜሪ ኬይ ጉገርቲ ጋር በሠሩት ጥናት ደግሞ ምዕራብ ኬንያ ውስጥ መዋጮውን ያዳከመው ጥላቻ ሳይሆን፣ ሳይከፍል የቀረውን ሰው «ለምን አልከፈልክም?» የሚለው መጥፋቱ እንደሆነ ደረሱበት። የራስን ወገን ይሉኝታ ያስከፍለዋል፤ የሌላውን ወገን ሰው ግን በስብሰባ ላይ መውቀስ ጠብ ይጭራል ተብሎ ይታለፋል። መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል። ይሉኝታ የማይደርስበት ቦታ ላይ የተጻፈ ደንብ፣ የታተመ የከፋዮች ዝርዝርና በየሦስት ወሩ የሚነበብ ሒሳብ ሊተካው ይችላል።

የተቀላቀለ ስብስብ የሚያስገኘው ጥቅምስ ምንድን ነው? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሳሙኤል ሶመርስ በ2006 ያደረጉት ሙከራ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጥ መልስ ይሰጣል። ስድስት ስድስት ሰው የያዙ የሙከራ ዳኝነት ቡድኖች አንድ የወንጀል ክስ አይተው እንዲወስኑ ተደረገ፤ ግማሾቹ ሁሉም ነጭ፣ ግማሾቹ አራት ነጭና ሁለት ጥቁር ናቸው። የተቀላቀሉት ቡድኖች 50 ደቂቃ ያህል ሲወያዩ ሌሎቹ በ38 ደቂቃ ጨረሱ፤ የተቀላቀሉት ብዙ የክሱን ፍሬ ነገር አነሡ፣ የተሳሳተ መረጃም ያነሰ ጠቀሱ። የበለጠ የሚያስተምረው ግን ይህ ነው፦ በተቀላቀለው ቡድን ውስጥ የነበሩት ነጮች ራሳቸው፣ ነጮች ብቻ ካሉበት ቡድን አባላት ይልቅ ጥንቁቅ ሆነው ተገኙ። ጥቁሩ አባል «ስለ ወገኑ» እንዲናገር መጠበቅ አያስፈልግም፤ መገኘቱ ብቻ ሁሉም አስቦ እንዲናገር ያደርጋል። ጥቅሙ በዚህ በኩል ከታየ፣ አንድን ሰው የዘሩ ቃል አቀባይ አድርጎ የማስቀመጥ ልማድ ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ይገባናል።

ስለ ቁጥሩም ማሰብ ያስፈልጋል። የሶሲዮሎጂ ምሁሯ ሮዛቤት ሞስ ካንተር በ1977 እንዳመለከቱት፣ ከስብስቡ 15 በመቶ የማይሞላ ወገን እንደ ምልክት እንጂ እንደ አባል አይታይም። ከዘጠኝ አንድ ሰው 11 በመቶ ነው፤ ለፎቶግራፍ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ውሳኔ አይቀይርም። ሦስት ሲሆኑ እርስ በርስ መቃወም ይጀምራሉ፣ «እናንተ ምን ትላላችሁ?» የሚለው አሰልቺ ጥያቄም ይቀራል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዋናውን ሳይነኩ ከትርፉ ብቻ የሚወጣበት ቋሚ ፈንድ ነው። በአብዛኛው በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ ይወጣል፤ በዓመት 60,000 ዶላር ለማከፋፈል በ4 በመቶ ሒሳብ 1.5 ሚሊዮን ዶላር መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው ወርኃዊ መዋጮ ነው፤ 200 ሰዎች በወር 25 ዶላር ቢያወጡ በዓመት ያው 60,000 ይሞላል። የመጀመሪያው ለሀብታም ይመቻል፣ ረጅም ዕድሜም አለው፤ ነገር ግን ወሳኙ ትልቁን ገንዘብ የሰጠው ሰው መሆኑ አይቀርም። ሁለተኛው በየዓመቱ ከ200ው የተወሰኑት ስለሚተዉ ተተኪ መፈለግ አያልቅም፤ በምትኩ 200 ባለቤቶች አሉት። ጀማሪ ቡድን በሁለተኛው ቢጀምር ይሻላል። መጠባበቂያ ካላስፈለገ በቀር የዓመቱን ገንዘብ በዓመቱ ማከፋፈል ነው።

አመዳደቡ ላይ ነው አብዛኛው የሚበላሸው። 60,000 ዶላር ያለው ኮሚቴ ለአሥራ ሁለት ቡድኖች 5,000፣ 5,000 ዶላር ቢሰጥ፣ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ሙሉውን ከመስጠት የበለጠ ያያል፣ የበለጠም ይማራል። ማመልከቻው ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ መጻፍ ለሚከብደው ደግሞ በሚመቸው ቋንቋ ቀርቦ አሥር ደቂቃ እንዲያስረዳ ቢፈቀድለት። 5,000 ዶላር ለመስጠት ሃያ ገጽ ፕሮፖዛል የሚጠይቅ ኮሚቴ የሚመርጠው ሥራ የሚሠሩትን ሳይሆን ፕሮፖዛል መጻፍ የሚችሉትን ነው። እያንዳንዱ አባል ነጥቡን ውይይቱ ከመከፈቱ በፊት በወረቀት ማስፈር አለበት፤ አለዚያ መጀመሪያ የተናገረው ሰው፣ ብዙውን ጊዜም ስብሰባ የለመደው ሰው፣ ሌላውን ይጎትተዋል። የጥቅም ግጭት ጉዳይ በትንሽ ሰፈር ራስ ምታት ነው፤ ሁሉም ሁሉንም ያውቃልና። የሚያውቅ ሁሉ ይውጣ ከተባለ የሚቀረው ሰፈሩን የማያውቅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ግንኙነቱን አስቀድሞ አስመዝግቦ፣ ያ አንድ ማመልከቻ ሲታይ ብቻ ከክፍሉ ወጥቶ መመለስ ይበቃል።

ሌላው ስለ አበል ነው። ደመወዝተኛው በሥራ ሰዓት ይሰበሰባል፤ የሰዓት ተከፋዩ አንድ ስብሰባ ሲመጣ የዕለት ገቢውን ያጣል። ለሰዓቱ የማይከፍል፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰውና አስተርጓሚ የማያዘጋጅ ኮሚቴ በሁለተኛው ወር ምቹ ኑሮ ያላቸው ብቻ ይቀሩበታል። ያኔ «ጠርተናቸው ነበር፣ አልመጡም» ይባላል።

ወረቀቱም ሰው ይጥላል። በአሜሪካ ሕግ ዓመታዊ ገቢው እስከ 50,000 ዶላር የሆነና ንብረቱ ከ250,000 ያልበለጠ ቡድን የግብር ነጻነት ለማግኘት አጭሩን ማመልከቻ በ275 ዶላር ማስገባት ይችላል፤ ረጅሙ 600 ዶላር ያስከፍላል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 990-ኤን የተባለውን አጭር የኤሌክትሮኒክ ማስታወቂያ መላክ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሦስት ተከታታይ ዓመት ያልላከ ግን ነጻነቱ ራሱን በራሱ ይሰረዛል። ይህ በተለይ የስደተኞችን ማኅበራት ያጠቃል፤ ሊቀመንበሩ ሲቀየር የይለፍ ቃሉም ኢሜይሉም ከአሮጌው ጋር ይሄዳል፣ ስረዛው የሚታወቀው ግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ሲጠየቅ ነው። ገና ለጀመረ ቡድን በነባር ድርጅት ጥላ ሥር ገብቶ ከገንዘቡ 5 ወይም 10 በመቶ አካባቢ እየከፈሉ መሥራት ከዚህ ጣጣ ያድናል።

«መጀመሪያ አውጡና ደረሰኝ አምጡ» የሚለው የግራንት ዓይነት ደግሞ ለትንሽ ቡድን ወጥመድ ነው። በባንክ ተቀማጭ ያለው ድርጅት ሁለት ሦስት ወር ይታገሣል፤ የሌለው ከመሪው ክሬዲት ካርድ ይበደራል። በዚህ ላይ የዘር ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። የለጋሾች አማካሪው ብሪጅስፓንና ለጀማሪ ማኅበራዊ ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰጠው ኤኮይንግ ግሪን በ2020 ባወጡት ሪፖርት፣ ለኤኮይንግ ግሪን ካመለከቱ ድርጅቶች መካከል በጥቁሮች የሚመሩት ገቢ በነጮች ከሚመሩት በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። እንደልባቸው ሊያወጡት የሚችሉት ተቀማጭ ሀብት ግን በ76 በመቶ ያነሰ ነው። የሁለተኛው ቁጥር ከፍታ የሚናገረው፣ ለጋሾች ሲሰጡም አጥረውና አስረው እንደሚሰጡ ነው። ለኪራይ፣ ለሒሳብ ሠራተኛና ለመብራት የማይውል ገንዘብ ፕሮጀክት ያሠራል እንጂ ድርጅት አያቆምም። የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የራሱ ተመን ለሌለው ተቀባይ የሚፈቅደውን የአስተዳደር ወጪ ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጓል፤ የግል ለጋሽ ከዚህ በታች የሚወርድበት ምክንያት አይታየኝም።

ዘርን በግልጽ መስፈርት ማድረግ ግን ሕጋዊ አደጋ አለው። ፊርለስ ፈንድ የተባለ የአትላንታ ድርጅት ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች ብቻ የ20,000 ዶላር ውድድር ሲያዘጋጅ ተከሰሰ፤ በሰኔ 2024 የ11ኛው ክልል የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ውድድሩን እንደ ውል ቆጥሮ፣ ውልን በዘር መገደብ የ1866ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ የሚጥስ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ውድድሩን አገደ። ድርጅቱ በመስከረም በስምምነት ውድድሩን ዘጋ። ለተበደሉ ነጻ የወጡ ባሮች የወጣ ሕግ እዚህ መድረሱ ብዙዎችን ያስቆጣል፤ ቁጣው ግን የኮሚቴውን መመሪያ አያድነውም። ሰፈርን፣ ገቢን፣ ቋንቋን፣ የትምህርት ቤት ክልልን ወይም በችግሩ ውስጥ ያለፈ መሆንን መስፈርት ማድረግ፣ ለአባላት ምርጫም ለገንዘቡም፣ በሕግ ፊት የተሻለ ይቆማል። የመኖሪያ ሰፈር በዘር በተከፋፈለበት ከተማ ውስጥም ገንዘቡ ይደርስ ዘንድ ወደታሰበበት አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል።

የሚቺጋኗ ካላማዙ ለዚህ ምሳሌ ናት። በኅዳር 2005 ስማቸው ያልተገለጸ ለጋሾች፣ ከከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚመረቅ ማንኛውም ተማሪ በሚቺጋን ኮሌጅ ሲገባ የትምህርት ክፍያውን እንደሚሸፍኑ አስታወቁ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የተማረ 100 በመቶ፣ ከ9ኛ ክፍል የገባ 65 በመቶ ያገኛል። ዘር አይጠየቅም፣ ገቢ አይጠየቅም፣ የነጥብ ፉክክር የለም። ተማሪዎቿ ከልዩ ልዩ ዘር ናቸው፤ ለዓመታት ሲያሽቆለቁል የነበረው የተማሪ ቁጥር እንደገና ጨመረ። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያዩት በስድስት ዓመት ውስጥ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ ወይም የምስክር ወረቀት የያዙት በ10 ነጥብ፣ ከነበረው ሲሰላ በሲሶ ያህል ጨምረዋል። የመስፈርቱ ቀላልነት ራሱ አንዱ ጥንካሬው ነው፤ ልጁ ገና ከታች ክፍል ሳለ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ካላማዙ ግን በጣም ሀብታም ለጋሾች ነበሯት፤ የአካባቢ ልግስና ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይወጣል። ገንዘብ ባለበት ይዋጣል። የሀብታም ሰፈር ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲያዋጡ የሙዚቃ መምህር ይቀጠራል፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው ትምህርት ቤት ግን ያንን ያህል ሊያዋጣ አይችልም። ሁለቱም «የአካባቢ ልግስና» ይባላል። ይህን ማቃለያው የቋቱን ወሰን ማስፋት ነው፦ በሰፈር ፈንታ በካውንቲ (ብዙ ሰፈሮችን በያዘ የአስተዳደር ክልል) ደረጃ መሰብሰብ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ተብሎ ከሚሰጥ እያንዳንዱ መዋጮ የተወሰነ እጅ ወደ ጋራ ቋት እንዲገባ ከመነሻው መስማማት። በኋላ ልጨምር ቢባል ሰጪው አይቀበልም። ሌላው መታየት ያለበት፣ ለጋሹ ገንዘቡን አስገብቶ የግብር ቅናሹን ወዲያው የሚወስድበት፣ ገንዘቡን ግን መቼ እንደሚያወጣ ራሱ የሚመክርበት የፈንድ ዓይነት ነው። የፌዴራል ሕግ በየዓመቱ ይህን ያህል አውጣ አይለውም፤ ሰፈሩ ሲቸገር ገንዘቡ በስሙ ተቀምጦ ይቆያል። ከ2026 ጀምሮ ዝርዝር ወጪ የማያስመዘግብ ግብር ከፋይም እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት በአንድነት እስከ 2,000 ዶላር በጥሬ የሰጡትን መቀነስ ይችላሉ፤ ወደዚህ ዓይነቱ ፈንድ የገባ ግን አይታሰብላቸውም። በወር 25 ዶላር የሚያዋጡት ሰዎች በዓመት 300 ዶላራቸው በዚህ ጣሪያ ሥር ስለሚወድቅ ቡድኑ በየጥር ወሩ ደረሰኝ ሊልክላቸው ይገባል።

ሁሉም ተደርጎ ሥራው መስመር መያዙን ለማወቅ የመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት ብዙ አይነግርም። ወንጀል፣ የትምህርት ማቋረጥም ሆነ የደም ግፊት በ5,000 ዶላር በአንድ ዓመት ሲወርድ ማየት የሚፈልግ ኮሚቴ ተቀባዮቹን ቁጥር እንዲያሳምሩ ያስተምራቸዋል። በሁለተኛው ዙር ሊቆጠር የሚገባው ከዚህ የቀለለ ነው፦ ባለፈው ዓመት ከተከለከሉት ቡድኖች ውስጥ ተመልሰው ያመለከቱት ስንት ናቸው፣ ከየትኛውስ ሰፈር? ምክንያቱ በጽሑፍ ከተነገራቸውና ከታመነ ይመለሳሉ። ከአንድ ሰፈር የመጡት ብቻ ተነጥለው ከቀሩ ግን፣ ለሦስተኛው ዙር ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የኮሚቴው አባላት ዝርዝር እንደገና መታየት አለበት።